የሌላ ሰው ሰማይ

የአውሮፓ ኅብረት በየጊዜው እያደሰ የሚያወጣውን የታገዱ አየር መንገዶች ዝርዝር አንብባችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ጋዜጦቻችን «ጥቁር መዝገብ» ይሉታል። ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ የኩባንያ ስም፣ የፈቃድ ቁጥር፣ የአገር ስም፣ በቃ። እኔ ግን ለዓመታት ተማሪዎቼን «የተጻፈውን ስትጨርሱ የተዘለለውን ፈልጉ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህንንም ዝርዝር በዚያው ዐይን ነው ያየሁት።

መነሻው ሞት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2004 ፍላሽ ኤርላይንስ የተባለ የግብፅ ኩባንያ አውሮፕላን ከሻርም ኤል ሼክ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ቀይ ባሕር ውስጥ ገባ። 148 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ለዕረፍት የሄዱ ፈረንሳውያን ነበሩ። ኋላ ሲሰማ፣ ለካስ ስዊዘርላንድ ያንን ኩባንያ በ2002 ከሰማይዋ አግዳው ኖሯል። ትኬት የቆረጠው ፈረንሳዊ ግን የነገረው አልነበረም። በኦገስት 2005 ደግሞ የዌስት ካሪቢያን አውሮፕላን ቬኔዙዌላ ውስጥ ወድቆ 160 ሰው ሲሞት፣ አብዛኞቹ የማርቲኒክ ሰዎች፣ ማለትም የፈረንሳይ ዜጎች ነበሩ። ሕጉ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወጣ። የመጀመሪያው ዝርዝር በማርች 2006 ሲታተም 92 ኩባንያዎች ሙሉ በሙሉ ታገዱ፤ የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ የሴራሊዮንና የኢኳቶሪያል ጊኒ ስም ገጹን ሞላው።

ከዚያ ወዲህ «ይኸ ንቀት ነው፣ ገበያችንን ለመቀማት ነው» የሚሉ ወገኖች አልጠፉም። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ አገር እንዳለ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ፣ የዚያ አገር የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ፊርማ አይታመንም ማለት ነው። ተቆጣጣሪው «ይኸ አውሮፕላን አይነሣም» ለማለት አቅሙም ድፍረቱም የለውም ማለት ነው። ይህን ለመስማት ያማል እንጂ ስድብ አይደለም። የኢንዶኔዥያ አየር መንገዶች በሙሉ በ2007 ታገዱ። አገሩ ተቆጣ፣ ተቆጥቶ ሲያበቃ ሥራውን ሠራ። ጋሩዳ በ2009 ወጣ፣ ላየን ኤር በ2016፣ የቀሩት በሙሉ በ2018። የቂም መዝገብ ቢሆን ኖሮ ማን ይወጣበት ነበር?

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዝርዝሩ የማንን ነፍስ ነው የሚጠብቀው? ሄዋ ቦራ የሚባል የኮንጎ አየር መንገድ ነበር። በስዋሂሊ «ጥሩ አየር» እንደማለት ነው (ስም ማውጣቱንስ ችለውበታል)። ይህ ኩባንያ ለጊዜው ከሙሉ እገዳው ተርፎ ከቆየ በኋላ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2008 ሙሉ በሙሉ ታገደ። ከ4 ቀን በኋላ አንዱ አውሮፕላኑ ጎማ ላይ መነሣት አቅቶት ከማኮብኮቢያው አልፎ ገበያ ሠፈር ውስጥ ገባ። 40 ያህል ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ተሳፋሪ እንኳ አልነበሩም። ትኬት ያልቆረጡ፣ መሬት ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ብራስልስ ትክክል ነበረች፤ ትክክል መሆኗ ግን ለጎማ ገበያተኛ አልደረሰለትም። ይኸው ኩባንያ መብረሩን ቀጥሎ በ2011 ኪሳንጋኒ ላይ ሌላ አውሮፕላን ሲወድቅበት ከ70 በላይ ሰው ሞተ።

አውሮፓ የኮንጎን ሰማይ ልትጠብቅ አትችልም፣ አልተጠየቀችምም እንበል። ከራሷ ከተሞች ተነሥቶ የሚሄደውስ? በጁን 2009 ከፓሪስና ከማርሴይ የተነሡ ኮሞሮሳውያን በየመን አየር መንገድ ሰንዓ ድረስ በኤርባስ 330 ሄዱ። ሰንዓ ላይ ውረዱ ተባሉና ወደ ኤርባስ 310 ተዛወሩ። ያ አውሮፕላን በ2007 ፈረንሳይ ውስጥ ተፈትሾ ጉድለት ተገኝቶበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፈረንሳይ ተመልሶ አልመጣም። ልብ በሉ፣ ፈተሻው እኮ ሠርቷል! ጉድለት ያለበት አውሮፕላን ከአውሮፓ ሰማይ ጠፍቷል። የጠፋው ግን ወደ ሌላ ሰማይ ነው፤ ተሳፋሪው ደግሞ እግሩን ተከትሎ እዚያው ሄደለት። ሞሮኒ ሊያርፉ ሲሉ ከ153ቱ 152ቱ ሞቱ፣ አንዲት ታዳጊ ልጅ ብቻ ተረፈች። እውነቱን ለመናገር ምርመራው የአደጋው መንሥኤ ያደረገው የአብራሪዎቹን የተሳሳተ እርምጃ ነው፤ የፓሪስ ፍርድ ቤትም በ2022 ኩባንያውን ጥፋተኛ ብሎ 225,000 ዩሮ ቀጥቶታል። ኩባንያው በአደጋው ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ማርሴይ ያሉ ኮሞሮሳውያን ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ ስለዚሁ የሰንዓ ጉዞ ሲያማርሩ ነበር። በርካሽ ትኬት ሁለት ሦስቴ አውሮፕላን እየቀያየረ አገሩ የሚገባ የእኛ ሰውም ይህን ነገር ሳይነግሩት ይረዳዋል።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ማርች 10 ቀን 2019 ግን 157 ሰው የያዘ ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ወደቀ። ከአምስት ወር በፊት የላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ወድቋል። ወዲያው «አብራሪዎቹ ቢችሉበት ኖሮ» የሚል ወሬ ተነሣ፤ አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ይወጣው ነበር የሚል ንግግር በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር ተሰማ። ካፒቴኑ እኮ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነው። አፍንጫውን ወደ ታች እየደፈቀ የጣለው የአውሮፕላኑ የራሱ ሥርዓት ነበር፤ በአሜሪካ ተቆጣጣሪ ታይቶ የጸደቀ። አውሮፓ ማርች 12 ሰማይዋን ለማክስ ዘጋች፣ ይህን ሳላመሰግን አላልፍም፤ አሜሪካ የዘጋችው በማግሥቱ ነው። ጥቁሩ መዝገብ ላይ ግን የአየር መንገድና የአገር እንጂ የአምራች ዓምድ የለም። የአገር ስም ዓይቶ መፍረድ የለመደ ሰው ያን ሰሞን ምን እንዳለ ሰምተናል።

ከሕጉ ሁሉ የምወደው ብዙ ሰው የማያነሣውን ክፍል ነው። ከአውሮፓ ለሚጀምር ጉዞ ትኬት የሚሸጥ ሰው፣ በእርግጥ የሚያበርራችሁ ማን እንደሆነ መንገር ግዴታው ነው፤ ከተለወጠም እንዲሁ። ሽያጩ ካለቀ በኋላ ኩባንያው ቢታገድ ገንዘብ መመለስ ወይም ሌላ መንገድ መፈለግ አለ። ይህ ክፍል አስፈላጊ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። የታገደ ኩባንያ ካልታገደ ኩባንያ አውሮፕላን ከነሠራተኛው ተከራይቶ አውሮፓ ሊገባ ይችላል። ትኬቱ ላይ አንድ ስም፣ አውሮፕላኑ የሌላ። ተሳፋሪው ይህን ካልተነገረው በምን ያውቃል?

በዝርዝሩ የሚበሳጩ የአፍሪካ መንግሥታት ይህችን አንቀጽ ቢገለብጡ ከብራስልስ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ኤር ታንዛኒያ ወደ አውሮፓ ለመብረር የጠየቀውን ፈቃድ ተከልክሎ በዲሴምበር 2024 ዝርዝሩ ውስጥ ገባ፤ በጁን 2025 በታንዛኒያ ፈቃድ የሚበሩት ሁሉ ተከተሉት። ለንደን ወይም ፓሪስ ያለው ሰው ይህን በአንድ ቀን ሰማ። ከዳር ኤስ ሰላም ሙዋንዛ ለመሄድ መስኮቱ ላይ ተሰልፎ ብር የሚቆጥረውስ? የትኬት ሻጩ ምን አለው?