ኦምዱርማንን በምን ስም እንመዝግባት?
የሕዝቦችን የውርስ ልዩነት በአኃዝ ስለመለካት የቀረበ ሂስ

በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ ስለ ውርስ ትምህርት በጀመርን ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። «መምህር፣ የእኛ ሕዝብና የእነ እገሌ ሕዝብ በደም ስንት በመቶ እንለያያለን?» የሚል ነው። ጠያቂው ነገ እርሱ ራሱ በሃምሳ ተማሪዎች ፊት ቆሞ መልስ የሚጠበቅበት ዕጩ መምህር ነው። በአገራችንም ሆነ በጎረቤታችን በሱዳን «ዘርህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሰው የሚያስገድል ሆኖ ስላየነው፣ ነገሩን እንደ ዋዛ ልናልፈው አልወደድንም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለሂሳችን የመረጥነው በ2008 የታተመውን የሂሻም ሐሰን፣ የፒተር አንደርሂል፣ የሉካ ካቫሊ-ስፎርዛና የሙንታስር ኢብራሂም ጥናት ነው። አጥኚዎቹ ከ15 የሱዳን ሕዝቦች 445 የማይዛመዱ ወንዶችን ወስደው፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም መረመሩ። ዲንካ፣ ሽሉክ፣ ኑዌር፣ ፉር፣ መሳሊት፣ ቤጃ፣ ቅብጥ፣ ሐውሳ፣ ፉላኒና ሌሎችም በዝርዝሩ ይገኛሉ። ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። የዛሬው የውርስ ብዝኃነት በአብዛኛው የቅርብ ዘመን ፍልሰት ያመጣው መሆኑን ደራሲዎቹ ራሳቸው መናገራቸውም የሚያስመሰግናቸው ነው። ችግሩ የሚመጣው አኃዙ ከጥናቱ ወጥቶ በሰው አፍ ሲገባ ነው።

በመጀመሪያ የመለኪያውን አሠራር እንይ። የውርስ ሊቁ ስዋል ራይት ያወጣውና ኤፍ ኤስ ቲ የሚባለው መለኪያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአምስት ደቂቃ ይሠራል። ሁለት ዓይነት ብቻ ያለው አንድ ጂን አለ እንበል። የአንደኛው ዓይነት ድርሻ በመጀመሪያው መንደር 0.2፣ በሁለተኛው 0.6 ነው። ከመጀመሪያው መንደር በዕጣ የወጡ ሁለት ቅጂዎች የተለያዩ የመሆናቸው ዕድል 2×0.2×0.8=0.32፣ በሁለተኛው ደግሞ 2×0.6×0.4=0.48 ነው፤ አማካዩ 0.40 ይሆናል። ሁለቱን መንደሮች ብንደባልቃቸው ድርሻው 0.4፣ ዕድሉም 2×0.4×0.6=0.48 ነው። በ0.48ና በ0.40 መካከል ያለው ልዩነት 0.08፣ ለ0.48 ሲካፈል 0.17 ገደማ ይመጣል።

አሁን ደግሞ አንድ የነበረ ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ እንበል። በመነሻው የሁለቱም ድርሻ 0.5 ነው፤ ልዩነታቸው ዜሮ ነው። ነገር ግን አንደኛው ክፍል ጥቂት ሰው ብቻ ሆኖ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ተከልክሎ ብዙ ትውልድ ኖረ። በጥቂት ሰዎች መካከል የዕጣ ነገር ይበረታልና ድርሻው ወደ 0.9 ወጣ። ያንኑ ስሌት ብንሠራ 0.42 ሲቀነስ 0.34፣ ለ0.42 ሲካፈል 0.19 ይሆናል። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ተለያይተው ሊኖሩ ከሚችሉት መንደሮች ይልቅ ትናንት የተለያዩት ወንድማማቾች በአኃዝ ተራራቁ ማለት ነው። መለኪያው የልዩነቱን መጠን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም።

ይህ የሰሌዳ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ በአሪ ሕዝብ ውስጥ ብረት ቀጥቃጮችና አራሾች ተለይተው ይኖራሉ። ሰዎችን በውርስ የሚመድቡ የኮምፒዩተር ስልቶች ቀጥቃጮቹን ለብቻቸው ስላወጧቸው፣ «እነዚህ ከአራሾቹ በፊት በአገሩ የነበሩ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው» የሚለው ግምት የተደገፈ መሰለ። በ2015 ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት ግን ሁለቱም ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው። የለያያቸው መገለልና የጋብቻ ክልከላ ነው። ያ የሩቅ ዘር ማስረጃ የተባለው አኃዝ በእውነቱ የግፍ መዝገብ ነበር።

ወደ ሱዳኑ ጥናት እንመለስ። አጥኚዎቹ በውርስና በቋንቋ መካከል ጠንካራ ተዛምዶ አገኘን ይላሉ፤ አኃዙ 0.31 ነው። የዚህ አኃዝ ስኩዌር 0.1 እንኳ አይሞላም። በአጋጣሚ የመገኘቱ ዕድል 0.007 መሆኑ ግንኙነቱ መኖሩን ይመሰክራል፤ ብርታቱን ግን አይመሰክርም። ተማሪዎቻችን እነዚህን ሁለት ነገሮች ዘወትር ያምታታሉ፤ እኛም ተማሪ ሳለን እናምታታ ነበር። ከመልክዓ ምድር ጋር የተገኘው 0.29 ደግሞ የታየው የታወቀ ሥፍራ የሌላቸው ዘላን አርብቶ አደሮች ከስሌቱ ከወጡ በኋላ ነው። ደራሲዎቹ ይህን ሳይደብቁ ጽፈውታል። ይሁን እንጂ ዘላኑን አስወጥቶ ሰው በየሥፍራው ረግቶ ኖሯል ማለት በሱዳን ምድር ብዙ የሚያስኬድ አይመስለንም። ደግሞም 445 ለ15 ሲካፈል በአማካይ ለአንድ ሕዝብ 30 ሰው ገደማ ይደርሳል። ከ30 ሰው የተገኘ የ0.3 ድርሻ እውነተኛው ከ0.13 እስከ 0.47 የትም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ያሳሰበን የስሙ ጉዳይ ነው። መለኪያው ከመሠራቱ በፊት አንድ ሰው ክፍሎቹን መሰየም አለበት። ከ15ቱ ክፍሎች አንዱም የከተማ ስም የለውም። እንግዲህ ኦምዱርማን በምን ስም ትገባለች?

ማህዲ በጥር 1885 ካርቱምን ከያዘ በኋላ የተቀመጠው በዚያች በዓባይ ማዶ ባለች ሥፍራ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ሲሞት፣ ተተኪው ኸሊፋ አብዱላሂ ዋና ከተማው አደረጋት። ወገኖቹን ተዓይሻዎችን ከዳርፉር አምጥቶ አሰፈረባት። በዘመኑ ሃይማኖታቸውን በግድ የለወጡት ቅብጦች የሠፈሩበት መሳልማ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1888 ጎንደር ስትቃጠልና ስትዘረፍ ብዙ ሰው ተማርኮ ወደ ሱዳን ተነዳ፤ በ1889 ከመተማ ጦርነት በኋላ የአፄ ዮሐንስ ራስ የተወሰደውም ወደ ኦምዱርማን ነው። አያቶቻችን ይህን ሲያወሱ ስለ ሐዘኑ እንጂ ስለ ልጅ ልጆቹ አይናገሩም።

ከጎንደር ተማርካ ኦምዱርማን ላይ የወለደች አንዲት ሴት ነበረች እንበል። የልጅ ልጇ ልጅ ዛሬ በአባቱ ጎሣ ስም ይመዘገባል፤ ዋይ ክሮሞዞሙም የአባቱ ነው። ከአምስት ትውልድ በፊት 32 ወላጆች ነበሩት፤ ይህ ክሮሞዞም የሚከተለው አንዱን ብቻ ነው። ስለ 31ዱ ምንም አይልም፤ ከእነርሱም 16ቱ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ በዋይ ክሮሞዞም ብቻ የተሠራ የልዩነት ሰንጠረዥ የተማረኩ ሴቶችን ታሪክ ሊያይ አይችልም። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ከ18 የሱዳንና የደቡብ ሱዳን ሕዝቦች 221 ሰዎችን በ3.9 ሚሊዮን የጂኖም ነጥቦች መርምሮ ይህን ጉድለት በብዙ አቃሏል። ክፍሎቹን ግን እርሱም በሕዝቦች ስም ነው ያዋቀራቸው። በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የኦምዱርማን ብዙ ነዋሪ ተበትኗል።

ዕጩ መምህሩን የመለስንለት በባቄላ ነው። 10 ጥቁርና 10 ነጭ ባቄላ በከረጢት አድርጎ፣ አራት ሳያይ አውጥቶ፣ በወጣው ድርሻ መጠን ከረጢቱን እንደገና 20 አድርጎ እንዲሞላና ይህንኑ እንዲደጋግም ነገርነው። በሰባተኛው ዙር ነጩ አለቀ። ሁለተኛው ቡድን በሌላ ከረጢት ሲሠራ ጥቁሩ አለቀ። «ታዲያ እነዚህ ሁለት ዘር ናቸው?» ብለን ስንጠይቀው፣ ሁለቱንም ከረጢቶች የሞላው እርሱ ራሱ ነበርና ሳቀ።