ጣራ የሌለው የጭፈራ አዳራሽ

ወንድና ሴት ፊት ለፊት ለሚጨፍሩበት ምሽት ከጋምቤላ ገላጣ ሜዳ የሚበልጥ አዳራሽ አላውቅም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ሙቀት አያፈናፍንም፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን ሰውነት ይፍታታል። በኑዌሮች ሠርግ ከበሮው መሀል ይሆናል፤ ጎረምሶቹ ሽቅብ ይዘላሉ፣ ልጃገረዶቹም ከፊታቸው ይወዛወዛሉ። ለዚህ ዝላይ ጣራ አይመችም። የሚያስፈልገው በእግር ብዛት የተደለደለ ደረቅ መሬት ነው፤ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ይጨቀያልና ጭፈራው የሚደምቀው በበጋ ነው። ከበሮው መሀል በመሆኑ ምቱ ለሁሉም ይደርሳል፤ ዳር የቆሙት እናቶችና ሕፃናትም ከጨዋታው አይጎድሉም። ከተማዋ ስትሰፋ ለሕንፃ ብቻ ሳይሆን ለእንዲህ ያለው ሜዳም ቦታ ይከለልለት።