ስለ ቲቮሊ የእርከን አትክልት

በኮልፌ ቀራኒዮ የምንኖር ሰዎች ወንዝን የምናውቀው ድልድይ ስንሻገር አፍንጫችንን ይዘን ነው። ስለዚህ በሮማ አጠገብ የሚገኘውን የቪላ ዴስቴን የአትክልት ስፍራ ለመጐብኘት ወደ ቲቮሊ በሄድን ጊዜ፥ በልባችን ይዘነው የሄድነው መመዘኛ ይኸው የሠፈራችን ወንዝ ነበር።

ስፍራውን ያሠራው ካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1550 የቲቮሊ ገዥ ሆኖ የተሾመ ነው። ንድፉን ያወጣለት ፒሮ ሊጎሪዮ የአኒየኔን ወንዝ ከከተማው ሥር በተቆፈረ ቦይ ጠልፎ ከዳገቱ ራስ ላይ አወጣው፤ ቁልቁለቱንም በእርከን ከፋፍሎ ውኃውን ወደ ታች ለቀቀው። ፏፏቴዎቹ የሚሠሩት ያለ አንዳች ሞተር፥ ውኃው ከላይ ወደ ታች በሚወርድበት ኃይል ብቻ ነው። ኦርጋን እንኳ የሚያስጮኸው ውኃው ነው።

ጐብኝው ሁሉ ፎቶግራፍ ለመነሣት የሚሽቀዳደመው በኔፕቱን ፏፏቴ ፊት ነው። እኛ ግን ይህ በ20ኛው መቶ ዓመት የተጨመረ ሥራ ከጩኸቱ በቀር ብዙ አልነገረንም። ልባችንን የያዘው «መቶው ፏፏቴ» የሚባለው ረጅም መንገድ ነው። በዚያ ውኃው በሰው ቁመት ልክ ይወርዳል፤ የሚያልፍ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይነካዋል። ወንዝ እንዲህ ለሰው ሲቀርብ ከዚያ በፊት አላየንም።

ነገር ግን ውበቱ ያለ ዕዳ አልመጣም። ዛሬ አበባና ደረጃ በሆነው ቁልቁለት ላይ የሰው ቤት ነበረበት። ቤቶቹ ሲፈርሱ ባለቤቶቹ ካርዲናሉን ከሰሱት፤ ሥራው ግን አልቆመም። በስፍራው ስንዘዋወር ስለ ቄሣሮችና ስለ አማልክት የሚናገር ድንጋይ በየደረጃው አገኘን፤ ስለ እነዚያ ቤቶች የሚናገር አንድም አላየንም። ሥራው ጐደለው የምንለው ይህንን ነው።

እርከን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ምድር በድንጋይ እርከን አፈሩን ይዞ ሕዝቡን ይመግባል፤ የቲቮሊው ግን የተሠራው ለዓይን ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር የማስዋብ ዕቅድ ይፋ በሆነ ጊዜ፥ ብዙ ሰው የጠየቀው ስለ አበባውና ስለ መናፈሻው ነበር። ሊጎሪዮ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያሰበው ስለ ውኃው ነው።

ከጉዟችን ተመልሰን በኮልፌ ድልድይ ላይ ቆምን። ዳገቱ ለእርከን የተመቸ ነው። ውኃው ጥቁር ነበር፤ በዳሩ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ቤቶችም የምሳ ጢስ ይወጣ ነበር።