አጣጥ

ከጎንደር ወደ ሳንጃ ቁልቁል ሲወረድ ልብስ የሚቦጫጭቅ ቁጥቋጦ አይጠፋም። አጣጥ ነው፤ ወገኑ ብዙ ነው፤ ከእሾሁ በቀር ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን አደንቀዋለሁ፤ ምክንያቱን ለማየት ከሴል እንነሣ።

ሴል ለሁለት ሲከፈል በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ክሮች ይዘረጋሉ፤ ክሮሞዞሞቹን ግራና ቀኝ ስበው እኩል ያካፍላሉ። ጤነኛ ሴል መቆሚያውን ያውቃል፤ ማጭድ የቆረጠው ጣት ሲሽር ሥጋው ከልክ የማያልፈው ለዚህ ነው። ልኩን የሚጠብቁት ጂኖች ሲበላሹ ግን ሴሉ ይባዛል፣ አሁንም ይባዛል፣ የጎረቤቱንም ቦታ ይወርራል። ካንሰር ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ኬሚስት ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ዝርያ ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አሳወቁ። ንጥረ ነገሩ እነዚያ የሴል ክሮች እንዳይገጣጠሙ ያግዳል፤ ክር ከሌለ ክፍፍሉ መሀል ላይ ይቀራል። ብቻውን ሲሰጥ ግን ለበሽተኛው መርዝነቱ በዛ። ቆይቶ ተዋጽኦው አንድን የጡት ካንሰር ዓይነት ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣመረና እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። መርዙ አድራሻ ተጻፈለት ማለት ነው። ቅጠሉን ቀቅሎ መጠጣት ግን አድራሻ የሌለው መርዝ ነው፤ አደራ!