ራስን መስጠት በቄስ ጉዲና ቱምሳ ጽሑፎች፦ ሂሳዊ ንባብ

በመንፈሳዊ ጉባኤዎቻችን ራስን ለእግዚአብሔር ስለ መስጠት ሲሰበክ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም ብዙ ጊዜ ይነሣል። የሚነሣው ግን ሞታቸው ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከሚገኘው የዑራኤል መካነ ኢየሱስ አጥቢያ ሲወጡ መታፈናቸው፣ መገደላቸው፣ አስከሬናቸውም ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. መገኘቱ ይተረካል። ከዚያ ሰባኪው ጉባኤውን «እናንተስ?» ብሎ ወደ ፊት ይጠራል። እኔም በተማሪነቴ ከወጡት አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ተማሪዎቼን ስጠይቅ ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ ቄስ ጉዲና ከጻፉት አንድ ገጽ ያነበበ ግን ሁለት ወይም ሦስት ቢገኝ ነው። ዋና ዋናዎቹ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ መሆናቸው አንድ ምክንያት ነው፤ ለነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ግን በቂ ምክንያት አይደለም።

በመጨረሻው የሕይወት ዘመናቸው፣ ክርስቲያን በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ የጻፉትን አጭር ጽሑፍ እንውሰድ። ክርስቶስን ለመከተል የተጠራ ሰው ለሞት መጠራቱን በዚያ ያነሣሉ። አሳቡ የዲትሪኽ ቦንሆፈር እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ቄስ ጉዲና ግን ስሙን አይጠሩም፤ አንድ ሰው እንደ ተናገረው ብለው ብቻ ያልፋሉ። ትኩረቴን የሳበው ከዚያ ቀጥሎ የሚሰጡት ፍቺ ነው። ሞቱ የሕይወት ዓላማ አቅጣጫ መለወጥ ነው ይላሉ፦ ለገዛ ፈቃድና ምኞት መሞት፣ ስለ እኛ ለሞተውና ለተነሣው በመኖርና እርሱን በማገልገል እርካታን ማግኘት። መሠረታቸውም 2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ነው። እኛ ከሞታቸው ተነሥተን ራስን መስጠትን ስንፈታ፣ እሳቸው ሞትን ራሱን በመኖር ፈትተውታል። በአንድ ምሽት ጸሎት የማያልቅ ነገር ነው።

ወደ ታንዛኒያ እንዲወጡ መንገድ በተመቻቸላቸው ጊዜ ሰጡ የሚባለውም መልስ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በመከራ ጊዜ መንጋውን ትቶ መሄድ አልችልም፤ መጋቢዎቼን ከስፍራችሁ አትሂዱ ብዬ ደጋግሜ ለምኛቸዋለሁ አሉ ይባላል። በዚህ መልስ ስለ ሰማዕትነት አክሊል የተነገረ ቃል የለም። አለቃው የበታቾቹን የለመናቸውን ነገር ራሱ አደረገ፤ ይኸው ነው። በእኔ ግምት ከዚህ የሚበልጥ የድፍረት ማብራሪያ አያስፈልግም።

ስለ ድፍረት ካነሣን፣ በሐዋርያት ሥራ 4 ቤተ ክርስቲያን በዛቻ ፊት የለመነችውን ነገር የቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ግልጥነት» ይለዋል። መልካም ትርጉም ነው። ድፍረት በእኛ ዘንድ ከድምፅ ከፍታ ጋር እየተምታታ ስለ መጣ (ማይክራፎኑን መውቀስ አልፈልግም) ወደዚህ ቃል መመለስ ይጠቅመናል። ቄስ ጉዲና ግልጥ የሆኑት በጠላት ፊት ብቻ አይደለም። ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ እጃቸውን የሚዘረጉት የምዕራብ ለጋሾች ለወንጌል ሥራ ግን ለምን እንደሚቆጥቡ ተጠየቁ። ሰው አንድ ሙሉ ፍጥረት ነውና ሥጋውንና ነፍሱን ለሁለት በጀት አትክፈሉት የሚል ሙግት ነበር። ደብዳቤው የሄደው ገንዘቡ ወደሚመጣበት አድራሻ መሆኑን ልብ ይሏል። ወታደርን መቃወም እንዴት እንደሚያስፈራ ሁላችን እናውቃለን። በጀታችንን ለሚሸፍን ወዳጅ «ተሳስተሃል» ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚያስፈራ የሚያውቁት ደግሞ የፕሮጀክት ሪፖርት አዘጋጅተው የሚያውቁ አገልጋዮች ናቸው። ይህ ደብዳቤ በ«ሰማዕቱ» ስብከት ውስጥ ቦታ የለውም፤ እኔ ግን የ1971ዱን ውሳኔ ያለ እርሱ ማንበብ አልችልም።

«የኢትዮጵያ ቦንሆፈር» የሚለው ቅጽል ስምም ይህንኑ ይሸፍንብናል። ሁለቱም ከስደት ይልቅ ከሕዝባቸው ጋር መሆንን መርጠዋል፤ ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1939 ከኒው ዮርክ ወደ ጀርመን ተመልሷል። ነገር ግን እርሱ ሂትለርን ለመጣል ከዶለቱት ጋር ተባብሯል፤ ቄስ ጉዲና የቆሙት ግን በአንዲት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊነት ወንበር ላይ ነው። ጥያቄያቸው ስለ ሴራ ሳይሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ከአዲሱ ሥርዓት ጋር እየኖረች ለማን እንደምትታዘዝ ነበር።

በጽሑፉ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ለገዛ ምኞት መሞት ሲባል የሚሞተው «እኔ» ብቻውን የቆመ ይመስላል፤ የአንዱ ሰው መታዘዝ ሌላውን የሚያስከፍለው ዋጋ አልተነሣም። ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳ ያን ምሽት አብረዋቸው ነበሩ፤ ከወራት በኋላ ታስረው ያለ ፍርድ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር አሳልፈዋል፤ ተሠቃይተዋልም። ለዚያ አጭር ጽሑፍ ይህ ከዐቅም በላይ ነበር ብዬ ላልፈው እችላለሁ። ለእኛ ስብከት ግን ያን ያህል ቸር መሆን ይከብደኛል፤ ወደ ፊት በወጣሁበት በዚያ ምሽት የወ/ሮ ፀሐይ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም።