«አርቲኩሌት»ን «አንደበተ ርቱዕ» ብሎ ስለ መፍታት

«አርቲኩሌት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ለሰው ሲነገር በተርጓሚዎቻችን ዘንድ ብዙውን ጊዜ «አንደበተ ርቱዕ» ተብሎ ይፈታል። ፍቺው ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም በየዐውዱ ሁሉ የሚሠራ አይመስለንም።

የቃሉ ምንጭ «ትንሽ መገጣጠሚያ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም ነው። ከዚህም ሦስት ፍቺዎች ተገኝተዋል፤ አንደኛው በመገጣጠሚያ የተያያዘ አካል ወይም መሣሪያ፣ ሁለተኛው የንግግርን ድምፆች ለይቶ ማውጣት፣ ሦስተኛው ሐሳብን አደራጅቶ መግለጽ ነው። «ርቱዕ» ግን «ቀጥ ያለ፣ የቀና» ማለት ሲሆን፣ «አንደበተ ርቱዕ» የምንለው ንግግር የሚያምርለትን ሰው ነው። በሰምና ወርቅ ነገሩን ሸፍኖ የሚናገርም ይህ ሙገሳ አይነፈገውም። እንግሊዝኛው ግን የሚያመሰግነው መግለጥን እንጂ መሸፈንን አይደለም።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚጎላው ሰው በሁለተኛ ቋንቋው ሲናገር ነው። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ብዙ ሰው አፉን የሚፈታው ከአገው ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በኽምጣና ነው። በኽምጣና «ጘ» ተብሎ የሚጻፈው የትናጋ ሰርናዊ ድምፅ ራሱን የቻለ ነው፤ በአማርኛ ግን እንደ «አንገት» ባሉ ቃላት ከ«ገ» ወይም ከ«ከ» በፊት የሚሰማ የ«ን» ዘር ብቻ ነው። የሁለቱ ቋንቋዎች ሥርዓተ ድምፅ እንዲህ ስለሚለያይ፣ የኽምጣና ተናጋሪ አማርኛ የራሱ ቅላፄ ቢኖረው አያስደንቅም። ቅላፄው የሚነካው ግን ሁለተኛውን ፍቺ እንጂ ሦስተኛውን አይደለም። የወሰን ክርክርን መንሥኤና ማስረጃ ለይቶ የሚያስረዳ ሽማግሌ፣ አነጋገሩ ለአዲስ አበባ ጆሮ እንግዳ ቢሆንም፣ በሦስተኛው ፍቺ «አርቲኩሌት» ነው።

ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የተከሳሹ ሐሳብ በሌላ ሰው አንደበት በሚቀርብበት ስፍራ፣ አንደበትን ከሐሳብ የማይለይ ፍቺ ፍርድን ያዛባል። «ምስክሩ አርቲኩሌት አይደለም» የሚል የእንግሊዝኛ ዘገባም «አንደበተ ርቱዕ አይደለም» ተብሎ ቢተረጐም፣ ጉድለቱ የአነጋገር ይሁን የሐሳብ አንባቢው ሊለይ አይችልም።

ስለዚህ «አንደበተ ርቱዕ» «ኤሎኩዌንት» ለሚለው ቃል እንዲቆይ፣ ለሁለተኛው ፍቺ «ድምፅን ለይቶ የሚያወጣ»፣ ለሦስተኛው «ሐሳቡን አፍታቶ የሚገልጽ» የሚሉት በመዝገበ ቃላት በየተራ ቁጥራቸው ተለይተው እንዲሰፍሩ እናሳስባለን።