ከማባዣ መኪና የወጣ ጀግና

ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዶካ ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ በሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ካባ ለብሶ የሚበር ሰው ሲሥል አግኝቼ ደብተሩን ነጠቅሁት። ውድ መምህራን፣ እናንተም ሳታደርጉት አልቀራችሁም። ይህ ሂስ የዚያ ደብተር ዕዳ ነው።

ልዕለ ጀግና የሚባለው ፍጡር ራሱ ከእንዲህ ያለ ደብተር የወጣ መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔቶች የአንባብያንን ደብዳቤ ከነአድራሻው ያትሙ ስለነበር፣ አንባብያኑ እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ፤ ውሎ አድሮም የራሳቸውን መጽሔት በገዛ እጃቸው እያባዙ ማሰራጨት ያዙ። በክሊቭላንድ የግሌንቪል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የነበሩት ጄሪ ሲገልና ሣሊው ጆ ሹስተር ከነዚህ መካከል ነበሩ። በ1933 በወጣው ሦስተኛ እትማቸው ላይ «ሱፐርማን» የሚለው ስም ብቅ አለ። ግን ምን ዓይነት ሱፐርማን! ዳቦ ለመቀበል ከተሰለፉ ድኾች መካከል አንድ ፕሮፌሰር መርጦ በመድኃኒት የለወጠው፣ የሰውን ሐሳብ የሚያነብ፣ ኃይሉንም ለክፋት ያዋለ ሰው ነው። ድርሰቱ ጥድፊያ ይታይበታል። መጨረሻው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከኋለኛው ባለካባ ይልቅ እውነት አለው፤ መድኃኒቱ ያልቅና ሰውዬው ወደ ዳቦው ሰልፍ ይመለሳል። ሁለቱ ልጆች ክፉውን ደግ አድርገው እንደገና ሠሩት፤ በ1938ም መብቱን በ130 ዶላር ሸጡት። (በዚህ ሽያጭ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጸጽተዋል።)

የሙያ ባልደረባችንም አለበት። በ1961 የዲትሮይቱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጄሪ ቤይልስ «ኦልተር ኢጎ» የተባለውን የልዕለ ጀግና ወዳጆች መጽሔት በማባዣ ሲያወጣ፣ አጋሩ ሮይ ቶማስ በሚዙሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። በ1965 ማርቭል ደራሲ አድርጎ ቀጠረው።

ወደ እኛ እንመለስ። ሱዳን ውስጥ ከ1946 ጀምሮ የወጣው «አስ ሲብያን» የተባለው የልጆች መጽሔት «አጎት ተንጎ» የሚባል የሥዕል ገጸ ባሕርይ ነበረው፤ ዝነኛው ዘፋኝ ሸርሐቢል አሕመድም ሥሎታል። ይህ ግን አዋቂ ለልጅ ያዘጋጀው ነው። በ2018 የብስራት ደበበ ኤታን ኮሚክስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው «ጀምበር» ወደ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። ዋናው ሰው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ይህ ምርጫ ብልህ ነው፤ የ1933ቱም ሰውዬ የተነሣው ከችጋር ነበርና። ጉድለቱ የሚታየኝ በዙሪያው ነው። አንባቢው «አማኑኤል እንዲህ ማድረግ አልነበረበትም» ብሎ የራሱን አራት ገጽ ሥሎ የሚያዞርበት ወረቀት በትምህርት ቤቶቻችን አላየሁም። የእኛ ማባዣ የሚያውቀው ፈተና ብቻ ነው።

ደብተሩን መልሻለሁ። ከመመለሴ በፊት ግን አነበብሁት። ባለካባው እየበረረ መጥቶ ገላባት ላይ ይወርዳል፤ ወታደሩ ወረቀቱን ይጠይቀዋል። ሥዕሉ እዚያ ላይ ያበቃል፤ የነጠቅሁት እዚያ ሲደርስ ነበር።